ሞተሪኖ፦ ካርቦን ማስቀየር ወይስ ያገለገለ መግዛት?

ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል መኪና ሁሉ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረድ በፊት ቮልት ይለካ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ሲያስነሱም ከ9.6 በታች ሊወርድ አይገባም። በሚነሳበት ሰዓት ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ከ0.5 ቮልት በላይ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የዛገው ማሰሪያ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ድረስ ደህና ከሆነ እኛ የምንመርጠው ካርቦን (በሞተሪኖው ውስጥ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን) ማስቀየርን ነው። ሞተሪኖው በመዶሻ እጀታ ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ አልቆ ኮሙቴተሩን (ካርቦኑ የሚያርፍበትን የመዳብ ቀለበት) በደንብ እየነካ አይደለም። ባትሪው ተነቅሎ ሞተሪኖው ከወረደ አይቀር ኮሙቴተሩ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ ቡሹም (ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ይታይ። ቡሹ ከተበላ አርማቹሩ (የሚሽከረከረው ጥቅል ሽቦ ያለበት ክፍል) ከውስጥ ይታከካል፤ አዲስ ካርቦን ያንን አያድነውም።

ያገለገለ ሞተሪኖ መግዛት የሚያዋጣው አርማቹሩ ሲቃጠል ነው፤ ሽታው ያስታውቃል። ሻጩ ፊት በባትሪ ይሞከር፤ ባዶውን መሽከርከሩ ግን ጉልበቱን አያሳይም። የሞተሪኖው ጥርስ ብዛትና የሚዞርበት አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ ያልገጠመ ጥርስ የፍላይዊሉን (ሞተሪኖው የሚያዞረው የሞተሩ ትልቅ ጎማ) ባለጥርስ ቀለበት ይበላል፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ ማውረድ ግድ ነው።