ፓተርን የማይጠይቀው የብሔራዊው ሞባይል ጠጋኝ

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ፎቅ ሥር አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለች። ይህን የምጽፈው የሱቋን ልጅ ለማመስገን ነው። ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ነው ወደዚህ የመጣው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል።

የሄድኩት የተሰነጠቀ ስክሪን ላስቀይር ነው። ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙትን ታውቃላችሁ፤ «ፓተርኑን ንገሪኝ»። ከዚያ ፕላስተር ላይ ነጥብ በነጥብ ስሎ ስልኩ ጀርባ ይለጥፈዋል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ይሄኛው አልጠየቀኝም። «ለስክሪን ፓተርን ምን ያደርግልኛል? ሲያልቅ ራስሽ ከፍተሽ ትሞክሪዋለሽ» አለኝ። እዚያው ዓይኔ ሥር ፈቶ ገጠመው። እኔ በዚህ ብቻ ደንበኛው ሆኜ ነበር።

ሙጫው እስኪይዝ ስንጠብቅ ሌላ ጉዳይ አነሳሁበት። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ «ማስቶዶን ግቢ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ምን የለ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማለች። ለማታውቁት፣ ማስቶዶን ኦይገን ሮችኮ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን ውስጥ የጀመረው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። እንደ ፌስቡክ አንድ ኩባንያ ጠቅልሎ አልያዘውም። ሰርቨሩ (አካውንታችሁ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ብዙ ነው፣ ባለቤቱም የተለያየ። የጂሜይል ሰው ለያሁ ሰው ኢሜይል እንደሚልከው፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ካለው ጋር ያወራል። እስከዚህ ጥሩ። ግን ፕሌይ ስቶር ላይ ስሙን ስትጽፉ የሚመጣው የአፕ መዓት ነው። የቱ ይታመናል?

«ይሄን ጫኚ» ብሎ ይገላግለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የራሱን ስልክ አውጥቶ አፖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ምን ፈቃድ እንደሚጠይቁ አሳየኝ። «ፎቶ ልትለጥፊ ስለሆነ ካሜራ ይሁን። ያስቀመጥሻቸው የሰው ስልክ ቁጥሮች ግን ምን ያደርጉለታል? ያለሽበት ቦታስ?» ቀጥሎ ኤክሶደስ ፕራይቬሲ የሚባል ድረ ገጽ ከፈተ። የአንድሮይድ አፕ ስም ስትጽፉበት ውስጡ የተቀበሩ መከታተያዎች ካሉ ይዘረዝራል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አፕ ብቻ የሚይዘውን ኤፍ-ድሮይድ የተባለ ስቶርም አሳየኝ። በመጨረሻ ተስኪ የተባለውን የማስቶዶን አፕ መረጥኩ። የማስቶዶን የራሱ አፕም ምንም አይልም፣ አይፎን ለያዘ ደግሞ አይስ ኪዩብስ አለ አለኝ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። አካውንት ስንከፍት ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ፊቱን አዞረ። ፓስወርድ የምጽፍበት ቦታ ሲመጣ ግን «ቆይ፣ ከላይ ያለውን አድራሻ አንብቢልኝ» አለ። በብሮውዘር የተከፈተው የሰርቨሩ የራሱ ገጽ ነው። ፓስወርዱን የሚቀበለው ሰርቨሩ ነው፣ አፑ የሚደርሰው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ። ወደ ከፈትኩት አካውንት ስገባ አፑ በራሱ ሣጥን ውስጥ ፓስወርድ ጻፊ ካለ ሳልውል ሳላድር ማጥፋት እንዳለብኝ ነገረኝ። ስልክ ቢሰረቅ ወይም ቢሸጥ፣ በሰርቨሩ ድረ ገጽ ማስተካከያ ውስጥ ፈቃድ የተሰጣቸው አፖች ዝርዝር አለ፤ ከሌላ ስልክ ገብቶ ከዚያ መሰረዝ ነው። ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ መግቢያውንም እዚያው አስበራኝ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን አለማጋነኑ ነው። ማስቶዶን ላይ በግል የሚላክ መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከፈለገ ማየት ይችላል አለኝ። ይባስ ብሎ፣ ለጓደኛችሁ በግል ስትጽፉ የአለቃችሁን የተጠቃሚ ስም ከነምልክቱ ከጠራችሁ መልእክቱ ለአለቃችሁም ይደርሳል! የሐሜት ሱስ ያለባችሁ ተጠንቀቁ። ለምስጢር ሲግናል የተባለውን የመልእክት አፕ ተጠቀሚ አለኝ። ቴሌግራም አይበቃም ወይ ስለው፣ ተራው ቻት እንዲያ እንዳልተመሰጠረ፣ የተመሰጠረው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክና ቴሌግራም በተዘጉብን ጊዜ ማስቶዶን ኖሮኝ ቢሆን ብዬ አነሳሁበት። «ሰርቨርም ይዘጋል እህቴ» አለኝ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌሎቹ መሥራታቸው ነው ልዩነቱ። የድሮው ሳይዘጋ ወደ ሌላ ሰርቨር ከሄዳችሁ ተከታዮቻችሁ አብረው ይዛወራሉ፣ የጻፋችሁት ግን እዚያው ይቀራል።

አጠገባችን የነበረ ወጣት ኖስተር ስለተባለው ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ጠየቀው። እዚያ አካውንታችሁ ማለት አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ከጠፋ የሚመልስላችሁ ድርጅት የለም፣ ከተሰረቀም አለቀ። ወጣቱ ቁልፉን ስክሪንሾት አድርጎ ለራሱ ቴሌግራም ላይ ልኮት ነበር። የጠጋኙን ፊት ብታዩት! አዲስ ቁልፍ አስወጣውና ወረቀት ላይ በእጁ አስጻፈው።

እንከን አልባ ነው አልልም። ቀርፋፋ ነው። ወሬም ያበዛል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። መቀመጫው አንድ በርጩማ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ የመጣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ለምክሩ ግን ሳንቲም አልተቀበለኝም፣ የከፈልኩት ለስክሪኑ ነው። ሲሸኘኝ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት አጠፋልኝና «ፓኬጅሽን እንዳይበላው» አለ።

ሱቁን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማለሁ። የስልክ ቁጥሩን ግን አልሰጥም፣ አደራ ብሎኛል። ረፋድ ላይ ብትሄዱ ይሻላል። አካውንት ልትከፍቱ ከሆነ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ ማረጋገጫው የሚላከው በኢሜይል ስለሆነ ያለሱ ተመልሳችሁ ነው የምትመጡት።