ጣና ዳር ላለችው ካራቫኔ ኤሲ ሳስቀይር

ካራቫኗን ያገኘኋት በጨረታ ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ ከአሮጌ በርሜልና ከጎማ ክምር ጋር አብራ ቀረበች። አጠገቤ የነበረው ተጫራች የፈለጋት ለዶሮ ቤት ነበር። እኔ ጡረተኛ ቀያሽ ነኝ። የዕድሜዬን ግማሽ ያደርኩት እንዲህ ባለች ቤት ውስጥ ስለሆነ አንጀቴ አልቻለም። ትንሽ ጨምሬ ወሰድኳት።

አሁን ከባህር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር፣ የባለቤቴ ወንድም ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር ቆማለች። ቅዳሜ ሄደን ዓሣ እንበላለን፣ እናድራለን፣ እሁድ እንመለሳለን። በዓመት አንዴ ደግሞ በፒክአፕ ጎትተን ዘጌ እንወስዳታለን።

«ለባህር ዳር ደግሞ ምን ኤሲ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እዚህ 30 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ካራቫን ደግሞ ስስ አልሙኒየም፣ ትንሽ ፎምና ኮምፔንሳቶ ናት። ባለፈው ሚያዝያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሬ 39 አሳይቶኛል፣ ያውም ጥላ ሥር። ቀን መስኮት ከፍተህ ትችለዋለህ። ማታ ግን የሐይቅ ዳር ቢምቢ አለ፣ ወባ አለ። ዘግተህ መተኛት አለብህ።

ካራቫኗ ስትመጣ ጣሪያዋ ላይ አሮጌ ኤሲ ነበራት። አር 22 የሚባለውን የድሮ ጋዝ የሚጠቀም፣ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የሚመስል። አንድ ባለሙያ በየዓመቱ እየመጣ «ጋዝ ጎድሏል» እያለ ይሞላልኝ ነበር። እኔም እንደ መኪና ቤንዚን የሚያልቅ ነገር መስሎኝ እከፍል ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። የኤሲ ጋዝ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፣ የሚያፈሰውን ሳይዘጉ መሙላት ደግሞ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። አራት ዓመት ቀዳሁ። በአምስተኛው ኮምፕረሰሩ፣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ደረቀ። ሥሩ ያለው ጎማም በስብሶ ስለነበር ነሐሴ ላይ ዝናቡ አልጋችን ላይ ወረደ። ባለቤቴ በፍራሹ ምክንያት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ያሰብኩት በዚያው ቀዳዳ ሌላ የጣሪያ ኤሲ መግጠም ነበር። ለካራቫን ተብለው የሚሠሩ አሉ። የስዊድኑ ዶሜቲክና የጀርመኑ ትሩማ በዚህ የታወቁ ናቸው። ችግሩ እዚህ መደርደሪያ ላይ አታገኛቸውም። አስመጪ ትለምናለህ፣ ዋጋው ከቤት ኤሲ እጥፍ በላይ ይሆናል፣ አንድ ካርድ ቢቃጠል ደግሞ እንደገና ባሕር ማዶ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ «ከአሜሪካ የመጣ፣ ያልተነካ አለኝ» አለኝ። ቀብድ ላክሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ የላከልኝ። 115 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ስነግረው «ጋሼ፣ ትራንስፎርመር ያስገቡለታል፣ አለቀ» አለ። አላለቀም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው የሚያስተካክለው፣ ኸርትዙን አይነካውም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲነዳ በስድስተኛ ያህል ይዘገያል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ይባስ ብሎ የአሜሪካኖቹ የጣሪያ ቀዳዳ በጎኑ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ ካራቫን የአውሮፓ ስለሆነች 40 ነው። እሱን ብገጥም ዙሪያውን ክፍተት ሊተርፈው ነው። ቀብዴ እስከዛሬ አልተመለሰም። ሳይገዙ ጽሑፉን ማየት፣ ቀዳዳውን በሜትር መለካት። ቀያሽ ሆኜ ሳልለካ ገንዘብ መላኬ አሁንም ያንገበግበኛል።

ያዳነኝ ገበያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ፍሪጅና ኤሲ ይሠራል። ሊያያት ግቢው ድረስ በባጃጅ መጣ። አልተጣደፈም። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ውፍረቱን በመስኮቱ በኩል ለካ፣ መብራት የምንስብበትን ገመድ በእጁ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይጎትቷታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዴ አልኩት። «እንግዲያውስ ተራ የግድግዳ ስፕሊት፣ አንዱ አካሉ ውስጥ አንዱ ውጭ የሚቀመጠው፣ ይበቃታል። ዕቃው ቢበላሽ እዚሁ ባህር ዳር ይገኛል» አለ። በየወሩ የምትጎተት ብትሆን ግን የጣሪያ ኤሲ እስኪመጣ እንድጠብቅ ይመክረኝ እንደነበር ነገረኝ። የስፕሊት ቧንቧ ለመንገድ መንገጫገጭ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

እኔ 18 ሺህ ቢቲዩ ይሁን አልኩ፤ ቢቲዩ የኤሲ የማቀዝቀዝ ጉልበት መለኪያ ነው። ትልቅ ይሻላል ብዬ። አስቆመኝ። ካራቫኗ 5 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ናት። ትልቁ ኤሲ አየሩን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ። ክረምት ላይ ብርድ ያለው ረግረግ ውስጥ ትተኛለህ። 9 ሺህ ቢቲዩ ኢንቨርተር ተስማማን። ኢንቨርተሩን የመረጥነው በጄኔሬተሬ ምክንያት ነው። ስገዛው 2 ኪሎዋት ነበር፤ ግን ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የድሮው ኤሲ ሲነሳ ጄኔሬተሩ ያቃስትና ይጠፋ ነበር። ኢንቨርተር ኮምፕረሰሩን ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚያነሳው አይደነግጥም። ማርካውን አልጽፍም፤ ዋጋውንም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ደግሞ ካየሁት በኋላ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ማርካ ሦስተኛ ነገር ነው። ገጠማው ነው ሥራው።

ገጠማው ሁለት ቀን ፈጀ። የውስጡን አካል ኮምፔንሳቶ ላይ በቪቴ ብትሰቅለው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ጣውላ አድርጎ ግድግዳውን በመሃል አጣበቀውና በቡሎንና ዳዶ አሠረው። የውጭው አካል ፊት ለፊት፣ መጎተቻው ብረት ላይ ተቀመጠ። በያጅ ጠርተን አንግል ብረት አስበየድን፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ገባ። ከ20 ኪሎ በላይ ክብደት መንጠቆው ላይ ስለተጨመረ የማብሰያውን ጋዝ ሲሊንደር ወደ ኋላ አዛወርነው። የመዳቡን ቧንቧ ደግሞ ቀጥ አድርጎ አልወሰደውም። እንደ ጥምጥም ሁለት ዙር ሰጠው፣ ሲንገጫገጭ እንዲለጠጥ። ጋዙ አር 32 ነው። በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ ከግድግዳው ውጭ አደረጋቸው።

ከዚያ ናይትሮጅን ነፍቶ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀባ። አረፋ የሚያብጥ ከሆነ ያፈሳል። አላበጠም። ቀጥሎ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር መጥጦ የሚያወጣው። እኔ ወንበር ስቤ ጌጁን አያለሁ። መርፌው 24 አካባቢ ደርሶ ቆመ። ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር ግን እስከ 30 ይሄዳል።

«ልጄ፣ አልሞላም እኮ» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቀያሽ አይደሉም እንዴ? 30 የሚሞላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። የእኛ ባሕር እኮ ተራራ ላይ ነው ያለው።»

ልክ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 24 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ነው፣ ከሌለ ግፊት ምን ይቀነሳል? ትክክለኛውን የነገረን አንዲት ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ናት። ከ500 ማይክሮን በታች ወረደች፤ ማይክሮን የቀረውን በጣም ትንሽ ግፊት የሚለኩበት ነው። ቫልቩን ዘግቶ ሩብ ሰዓት ጠበቀ፣ አልተመለሰችም። ጋዙን ወደ ቧንቧው ለቀቀ። የድሮው ባለሙያዬ ይህን ሁሉ አንድም ቀን አድርጎ አያውቅም። ቱቦ ሰክቶ፣ ጋዝ ነፍቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ነበር የሚሄደው።

የጣሪያውን ቀዳዳ በላሜራ ዘጋው። እኔ ሲልከን ገዝቼ ነበር፤ አልፈለገውም። ሲልከን አንዴ ከላላ በላዩ ምንም አይጣበቅም አለ። ቡቲል የሚባል እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቅል አምጥቶ ከላሜራው ሥር ዘረጋ። ሁለት ጀሪካን ውሃ አፈሰስንበት። ደረቅ። ሐምሌና ነሐሴም አለፉ፣ ደረቅ።

መብራቱ ላይ ተጨቃጨቅን። ከቤቱ የምስበው 40 ሜትር ኤክስቴንሽን 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነበር፣ ትርፉን ጠቅልዬ አስቀምጬው። ሲነካው ጥቅሉ ትኩስ ነበር። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። 2.5 ገዛን፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ገባለት። ካራቫን ጎማ ላይ ስለሆነች ከመሬት ጋር አትገናኝም። ግራውንድ ዘንግ ቀበርን። የሐይቅ ዳር አፈር እርጥብ ስለሆነ በመዶሻ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ስታብላይዘርም ጨመርኩ። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 185 ቮልት አይቼ አውቃለሁ።

አጠቃቀሙ? ጥሩ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብታበራው በግማሽ ሰዓት ውስጥ 26 ይደርሳል። ማታ ድምፁ ከማንጎው ቅጠል አይበልጥም። ፍሬ ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ግን አሁንም ቦንብ ነው፣ ያን ኤሲ አይፈታውም። የውጭውን አካል በየወሩ በቀስታ በውሃ አጥበዋለሁ። ትንኝ በብርሃን ተስቦ ይመጣና ክንፎቹ መካከል ይለጠፋል።

አንድ ቅሌት አለ። ከዘጌ ስንመለስ ካራቫኗን ከድሮ ቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ አቆምኳት። ሌሊት ላይ ጠብ፣ ጠብ። ውሃው በውጭ ቱቦ መሄዱን ትቶ አልጋ ላይ ይወርዳል። ባለቤቴ «ዝናብ ነው?» አለች። ዝናብ አይደለም። ወደ ኋላ አዘንብላለች። የኤሲው ውሃ በተዳፋት ነው የሚወጣው፤ ካራቫኗ ስታዘነብል ተዳፋቱ ይገለበጣል። ዕድሜ ልኬን ለመንገድ ውሃ ልክ ያነሳሁ ሰው የራሴን ቤት ሳላስተካክል ተኛሁ። አሁን ውሃ ልኬ በሩ አጠገብ ተሰቅላለች። የሚወጣውን ውሃም ባለቤቴ በባልዲ አጠራቅማ ጤና አዳሟን ታጠጣለች።

ለወጣቱ ከ5 5 እሰጠዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳልጠራው መጥቶ ዳዶዎቹን ፈትሿል፣ ሳንቲም አልተቀበለም፣ አንድ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ብቻ። ለኤሲው 4። አንዱን የቀነስኩት ፊቱ ላይ ላለችው አረንጓዴ ቁጥር ነው። ሌሊት ሙሉ ታበራለች። የሪሞቱ ማጥፊያ አለ ተባልኩ፣ ሁሉንም ቁልፍ ነካሁ፣ አልጠፋችም። ባለቤቴ ነጠላዋን ጣል አደረገችባት። እኔ ነጠላው አየሩን ይዘጋል እላለሁ፣ እሷ እንቅልፍ ይበልጣል ትላለች፤ እስካሁን ነጠላው እዚያው ነው።