አክሱምን ለ7ኛ ክፍል፦ በነገሥታት ዝርዝር ወይስ በሳንቲም?

የአክሱምን ታሪክ በነገሥታት ቅደም ተከተል ማስተማር ጥቅም አለው። ልጁ ካሌብ ከኢዛና በኋላ እንደነገሠ ያውቃል። ግን አብዛኛው ለፈተና ተሸምድዶ ወዲያው ይረሳል።

ሌላው መንገድ ከቅርስ መነሳት ነው። የኢዛናን ሁለት ሳንቲሞች ፎቶ ጎን ለጎን አሳዩአቸው። በቀደመው ላይ ጨረቃ አለ፤ በኋለኛው ላይ መስቀል። «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ንጉሡ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን መቀበሉን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው! የወርቁ ሳንቲም በግሪክኛ መጻፉ ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር ንግድ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ይወስዳቸዋል። እርግጥ ጊዜ ይፈጃል።

እኔ ከሳንቲሙ እጀምራለሁ። የዘመን መስመሩን ሰሌዳው ላይ አስምሬ፣ ያገኙትን በየቦታው ራሳቸው እንዲጽፉት አደርጋለሁ።