የሰመር ዓሣ ማጥመጃ «ሙሉ ሰት» እንዳትገዙ

ስልካችሁ ላይ «የሰመር ዓሣ አጥማጅ ሙሉ ሰት» የሚለው ማስታወቂያ የመጣባችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

በ89 ዶላር ስድስት ዕቃ ነው የሚለው። የሚነፋ ላይፍ ጃኬት (ሰው ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚለበስ)፣ ከፀሐይ የሚከላከል ሸሚዝ፣ ፖላራይዝድ (የውኃ ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር፣ ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት)፣ ትንኝ የሚያባርር የእጅ አምባርና ትልቅ ጃንጥላ። እዚህ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሳንዲ ፖይንትና ፍሌቸርስ ኮቭ በሚባሉ ማጥመጃ ቦታዎች አብረን ከምናጠምደው መካከል ሦስት ጓደኞቼ ገዙት። አንዱ ለባለቤቱና ለልጁም ጨምሮ አዘዘ። ዕቃው ሲደርስ አንድ በአንድ ፈተሽነው። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ሰው ጥበቃ አለኝ ብሎ አምኖ ውኃ ላይ የሚወጣበት ዕቃ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ላይፍ ጃኬቱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ጀልባ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ፣ ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ያጸደቀው ጃኬት መኖር አለበት። የጸደቀ ከሆነ ውስጡ ላይ «ዩ ኤስ ኮስት ጋርድ አፕሩቭድ» የሚል ጽሑፍና የማጽደቂያ ቁጥር ታትሞበታል። እነዚህ ላይ ያለው የመልሕቅ ሥዕልና «ፕሮፌሽናል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቁጥር የሚባል የለም።

የሚነፋ ጃኬት ሳይነፋ አያንሳፍፍም። ገመዱ ሲሳብ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ትንሿ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ ትበሳና ጋዙ ጃኬቱን ይሞላዋል። አንዴ ከተበሳች አለቀላት፤ ሌላ መግዛት ግድ ነው። በጓደኛዬ ጃኬት ውስጥ የነበረችው ጠርሙስ በደንብ እንኳ ተጠምዝዛ አልታሰረችም። ክብደቷ አልተጻፈባትም፣ ቅያሪም አይሸጥላትም። ማታ ጃኬቱን በቱቦው በኩል በአፉ ነፋው። የሚነፋ ጃኬት ያለው ሁሉ ቤቱ ሊያደርገው የሚገባ ፈተና ነው፤ ደህና ጃኬት እንደተነፋ ያድራል። የሱ ጠዋት ሲነሣ ተንፍሶ ጠበቀው።

ብዙዎቻችን ደግሞ ደጋ ላይ ያደግን ነን። ዋና አናውቅም። ኮስት ጋርድ ራሱ የሚነፋ ጃኬትን ዋና ለማይችል ሰው አይመክርም። በተለምዶ የሚሸጠው የሚነፋ ጃኬትም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልጸደቀም። ማስታወቂያው ግን «ለመላው ቤተሰብ» ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ በጣም ነው የተናደድኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ የሚጓዝ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጃኬቱን መልበስ አለበት። ከወንበር ሥር መኖሩ አይበቃም። ታዲያ ያ አባት ልጁን ይህን አልብሶ ቢወጣስ?

ለእኛ የሚሻለው ስፖንጅ ያለው ተራው ጃኬት ነው። ይሞቃል፣ አልክድም። ግን ጠርሙስ አይፈልግም፣ ገመድ አይፈልግም። ለዓሣ አጥማጅ ተብሎ የሚሠራው ጎኑ ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባል። ሱቅ ሄዳችሁ ልበሱት፣ ዚፑንም ማሰሪያውንም ዝጉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል።

መነጽሩን ለመፈተን የላፕቶፕ ስክሪን ይበቃል። በመነጽሩ ስክሪኑን እያያችሁ መነጽሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ፖላራይዝድ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ስክሪኑ ይጨልማል። በእነዚህ ምንም አልተለወጠም፤ ተራ ጥቁር መስተዋት ናቸው። ጥቁር ሆኖ አልትራቫዮሌት የማያስቀር መነጽር ካለማድረግም ሊብስ ይችላል፤ ጨለማው ብሌናችንን ስለሚያሰፋው ጨረሩ በብዛት ይገባል። ፖላራይዝድ መሆን ነጸብራቅ ይቀንሳል እንጂ በራሱ ጨረር ይከላከላል ማለት አይደለም። ብዙ የመነጽር ሱቆች የጨረር መለኪያ ስላላቸው ወስዳችሁ አስለኩ። «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» የምትሉም አላችሁ። ቆዳችን ዘግይቶ ይቃጠላል እንጂ አይቃጠልም አልተባለም። ውኃ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከታችም ነው የሚመታው።

ሸሚዙ ዩፒኤፍ (የልብስ የፀሐይ መከላከያ መለኪያ) 50 ይላል። ይህ ማለት ከጨረሩ የሚያልፈው ሃምሳኛው ብቻ ነው። የነሱን ወደ መብራት ስናነሣው ማዶ ያለው ሰው ይታያል።

ሰንስክሪኑ ላይ «ዋተርፕሩፍ፣ ቀኑን ሙሉ» ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ሰንስክሪንን እንደ መድኃኒት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ «ዋተርፕሩፍ» (ውኃ ፈጽሞ የማያስለቅቀው) ብሎ መጻፍ አይፈቅድም። የሚፈቀደው ለ40 ወይም ለ80 ደቂቃ ውኃ ይቋቋማል ማለት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ «ድራግ ፋክትስ» (የመድኃኒቱ መረጃ) የሚል ሠንጠረዥ ከሌለው አትቀቡት። ትክክለኛውም ቢሆን ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

አምባሩ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ትንኝ ያባርራል ይላሉ። የቆየ ማታለያ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያለ የድምፅ መሣሪያ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል። ዲት ወይም ፒካሪዲን የሚባል ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል ያለበትን፣ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) መመዝገቢያ ቁጥር ያለውን ቅባት ወይም ስፕሬይ ግዙ። ዲት ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ ክሩንና መነጽሩን ከመንካታችሁ በፊት መዳፋችሁን ጥረጉ።

ጃንጥላውን ሲያስተዋውቁ አንድ ሰው በመብረቅ መሀል ተቀምጦ ያጠምዳል። ይህን ምስል የለጠፈ ሰው የሰው ሕይወት አይገደውም። አሜሪካ ውስጥ በመዝናኛ ላይ እያሉ በመብረቅ ከሚሞቱት መካከል ዓሣ አጥማጆች በቁጥር ቀዳሚዎቹ ናቸው። የብረት እጀታ ያለው ጃንጥላም ሆነ የካርቦን ማጥመጃ ዘንግ በዚያ ሰዓት በእጅ የሚያዝ አይደለም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሁሉን ጥላችሁ መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ጓደኞቼ ገንዘባችንን መልሱ ሲሉ ሻጩ «በራሳችሁ ወጪ ባሕር ማዶ ላኩት» አላቸው። የመላኪያው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። በክሬዲት ካርድ የከፈሉት ሁለቱ ባንካቸው ዘንድ ዲስፒውት (የክፍያ አቤቱታ) አስገብተው ተመለሰላቸው። በዴቢት የከፈለው እስካሁን ይከራከራል። ሰሞኑን ደግሞ ይኸው ሰት በቴሌግራም ግሩፖቻችን በወገን እጅ እየተሸጠ ነው፤ ክፍያው በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎት) ብቻ ይባላል። በዜል አንዴ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ክፍያው የታየበት የካርድ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ሳያልፍ ለባንካችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። የጃኬቱን የውስጥ ጽሑፍና ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታችሁ አያይዙ። ባንኩ ዕቃውን መልሱ ሊላችሁ ስለሚችል እስከዚያ አትጣሉት። ጉዳዩ ሲያልቅ ግን ጃኬቱን ለማንም አትስጡ፤ ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይለብሰው።