ኢስታንቡል ወይስ ባንኮክ? ለጅማ ሰው የቱ ይሻላል?

ለምግብ ብሎ አገር አቋርጦ መሄድ የሚያምረው ሰው ጅማም ውስጥ ሞልቷል። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አላቸው። እኔ ግን ያለማመንታት ኢስታንቡል እላለሁ።

ለቡና አገር ሰው ነገሩ የሚጀምረው ከቡናው ነው። እዚያ ቡና ቤቶች የተከፈቱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ቡናው እንደ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል። ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ የመዳብ ዕቃ ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ከዚያ ከነአረፋው፣ ከነአተላው ይቀዳል። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ መጠኑን ቀድሞ መናገር ነው። ዩኔስኮ ይህን ባህል በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል።

ከቡናው በኋላ ኤሚኖኑ ወደብ ዳር ውረዱ። የተጠበሰ ዓሣ ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይሰጣችኋል። ሥጋው በአብዛኛው ሐላል ነው። ለጿሚም በወይራ ዘይት የተሠራ የአትክልት ምግብ አይጠፋም። ከአንድ ቤት ጿሚውም ሙስሊሙም አብረው ሄደው ሳይጨነቁ መብላታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባንኮክ በጎዳና ምግብ አይታማም። ማታ ያዎራት ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ይጠበሳል፣ ይቀቀላል። ቶም ያም የሚባለው የሽሪምፕ ሾርባ ጠጅ ሳር፣ ሎሚና ቃሪያ አለበት፤ ሚጥሚጣ የለመደ ሰው ይወደዋል። ችግሩ የአሳማ ሥጋው ብዙ ነው፤ የዓሣ ሶሱም የማይገባበት የለም። ባንኮክ ካላችሁ የሐላል ምልክት እያያችሁ ግቡ። ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ በመስከረምና ጥቅምት አካባቢ የሚውለውን የአትክልት በዓል ጠብቁ፤ ያኔ ቢጫ ባንዲራ የሰቀለ ሻጭ ሥጋም ዓሣም አይነካም።