ኤንቪዲኤ ከኢስፒክ ኤንጂ ጋር፦ ጊዜ ወስዶ ላስተካከለው የሚክስ ስክሪን ሪደር

ኤንቪዲኤ የኮምፒዩተሩን ስክሪን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) ነው። በኢስፒክ ኤንጂ ድምፅ መጠቀም የጀመረ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያማርረው በድምፁ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ለሥራ ግን ከዚህ የሚሻል ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚቀይር ፕሮግራም፣ ማግኘት ከባድ ነው። ኢስፒክ ከሰው የተቀዳ ድምፅ እየቆራረጠ አይገጣጥምም፤ አናባቢዎቹን በስሌት እየፈጠረ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ በእጅጉ ሲጨመርም ቃላቱ አይዋጡም፣ ቁልፍ እንደተነካም ወዲያው መልስ ይሰጣል። ከቅጂ የተሠሩት ለስላሳ ድምፆች ለመጽሐፍ ንባብ ያማሩ ናቸው፤ ፊደል በፊደል እየሄደ ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ግን ብዙዎቹ ከጣቱ ኋላ ይቀራሉ።

ኤንቪዲኤ ሥራው በ2006 የተጀመረ፣ ለዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነጻ ስክሪን ሪደር ነው። በክፍያ የሚገኘው ሌላው ስክሪን ሪደር ጆውስ አቅሙ ትልቅ ነው፤ ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ግን ኤንቪዲኤ በቂና ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ መጀመሪያ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቅንብር ለብዙ ሰው የማይመች መሆኑ ነው።

ሲጭኑ ፖርታብል ቅጂውን ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጫነውን ይምረጡ። ፖርታብሉ በፍላሽ ይዞ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ለመሥራት ይጠቅማል፤ የፓስወርድ መጠየቂያ ገጹ ላይ ግን አይናገርም፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀውንም መስኮት አያነብም። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ካፕስ ሎክን የኤንቪዲኤ ቁልፍ (ትእዛዝ ለመስጠት ከሌሎች ቁልፎች ጋር የሚጫኑት) አድርገው ይመድቡት። የካፕስ ሎክ የራሱ ሥራ አይጠፋም፤ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሲጫኑት ይመለሳል።

ቀጥሎ ሲንተሳይዘሩን ይቀይሩ። በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ ወዲህ በመጡት ላይ ኤንቪዲኤ የሚነሣው በዊንዶውስ በራሱ ድምፅ ነው፤ የእንግሊዝኛ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ኮንትሮል፣ ኤንቪዲኤና ኤስን አንድ ላይ ተጭነው ኢስፒክ ኤንጂን ይምረጡ፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ኤንቪዲኤና ቪ ብለው ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛን ይውሰዱ። እዚያው ቋንቋን በራሱ እንዲቀያይር የሚያዘውን ምልክት እንዲያነሡ አጥብቀን እንመክራለን። ኤንቪዲኤ ቋንቋውን የሚለየው ገጹ ላይ በተጻፈው የቋንቋ ምልክት ነው፤ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ደግሞ እንግሊዝኛ ተብለው ነው የተመዘገቡት። የመቀያየሪያው ምልክት ካልተነሣ ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርና ንባቡ ይበላሻል። ሲያነሡት የሚጎድልብዎት ነገር ብዙ አይደለም፤ የላቲን ፊደል ሲመጣ ኢስፒክ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ አነባበብ ይሻገራል።

ፍጥነቱን በአንዴ አያንሩት። ጆሮ እየለመደ ሲሄድ በአምስት በአምስት መጨመር ይሻላል። ሬት ቡስት የሚባለው ምርጫ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ከማብራትዎ በፊት ሬቱን (የፍጥነቱን ልክ) ዝቅ ያድርጉ። ሲፈጥን የድምፁ መውጣትና መውረድ ያታክታል፤ ኢንፍሌክሽኑን መቀነስ ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

አራት ነጥብ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኢስፒክ «።» ሲደርሰው ዐረፍ ይላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ምልክቱ እስከ ሲንተሳይዘሩ ድረስ ከደረሰ ነው። በምልክቶች አነባበብ መስኮት ውስጥ «።»ን ጨምሮ «አራት ነጥብ» ብሎ እንዲያነብ ያደረገ ሰው፣ ምልክቱን ራሱን ወደ ሲንተሳይዘሩ ስለመላክ የሚጠይቀውን ሳጥን «በፍጹም» ላይ ከተወው እረፍቱ ይጠፋና ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር ይጋጫል። የምልክቶች ንባብ ደረጃው ለዚያ ምልክት ከተመደበው ደረጃ በታች ሲሆን ብቻ እንዲላክ የሚለውን ይምረጡ፤ ያን ጊዜ በተራ ንባብ ዐረፍ ይላል፣ ሁሉም ምልክት ይነበብ ሲሉት ደግሞ ስሙን ይጠራል።

የኤንቪዲኤ ትልቁ ሀብት ፕሮፋይል፣ ማለትም ለአንድ ፕሮግራም ወይም ሥራ ለብቻው የሚቀመጥ ቅንብር፣ ነው። ኮንትሮል፣ ኤንቪዲኤና ፒ ሲጫኑ አዲስ ፕሮፋይል የሚፈጠርበት የፕሮፋይሎች መስኮት ይከፈታል። ያለማቋረጥ ሲነበብ ብቻ የሚነሣ ፕሮፋይል ፈጥረው ፍጥነቱን ዝቅ ቢያደርጉ፣ መጽሐፍ ረጋ ብሎ ይነበባል፤ ንባቡን ሲያቋርጡ ድምፁ ወደ ሥራ ፍጥነቱ ይመለሳል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ኤዲተሩ ሲከፈት የሚነሣና ምልክቶችን በሙሉ የሚያነብ ፕሮፋይል ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ፕሮፋይሉ እንደበራ የተነካ ቅንብር የሚቀመጠው በዚያው ፕሮፋይል ውስጥ ነው። «ትናንት ያስተካከልኩት ዛሬ የለም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ በጄነራል ገጽ ላይ የተቀመጠውን ቅንብር ወደ መግቢያው ገጽ የሚቀዳውን ቁልፍ ይጫኑ። ካልተጫነ የፓስወርዱ ገጽ ላይ የሚጠብቅዎት የድሮው ድምፅ ነው።

በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ የቃሉ መጀመሪያ እየተቆረጠ ካስቸገረ ጥፋቱ የሲንተሳይዘሩ አይደለም፤ ማዳመጫው ዝምታ ሲሰማ ስለሚተኛ ነው። በኦዲዮ ገጽ ላይ ከንግግር በኋላ መሣሪያው ነቅቶ የሚቆይበትን ሰከንድ መጨመር ይፈታዋል።

የአማርኛው ድምፅ እንከን ጥብቀት ላይ ነው። ጽሕፈታችን ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን ስለማይለይ ኢስፒክ አንዱን ይዞ ይሄዳል፤ አድማጩ ከዐውዱ መለየት አለበት። ስሞችንና ምሕጻረ ቃላትን በንግግር መዝገበ ቃላቱ ማረም ይቻላል፤ «ሙሉ ቃል» የሚለውን መምረጥ ግን አይዘንጋ፣ አለዚያ እርማቱ ሌሎች ቃላት መሐል ይገባል። በሌላ በኩል ቅጥያ የያዘ ስም በዚህ መንገድ አይታረምም፤ «ከ»ም «ን»ም ሲጨመርበት ለየብቻ መመዝገብ ይኖርበታል።

ድንገት ድምፅ ከጠፋ ኮምፒዩተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ኤንቪዲኤና ኤስን ደጋግመው ይጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ተነክቶ ንግግሩ ጠፍቶ ወይም በቢፕ ተተክቶ ነው። ካልተመለሰ ኮንትሮል፣ አልትና ኤን እንደገና ያስነሣዋል። ቅንብሩ ከተበላሸ ኮንትሮል፣ ኤንቪዲኤና አር አንድ ጊዜ ሲጫን መጨረሻ ወደተቀመጠው ይመልሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሦስቴ ከተጫነ ግን የለፉበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የቅንብር ፎልደሩን ሌላ ቦታ ቀድተው ያስቀምጡ።