ትሪሻ ወይስ ኦሊቪያ?

የትራንስጀንደር ሴቶችን ፍቅር ከሚያሳዩ የፊሊፒንስ ዳይሬክተሮች ፊልሞች ሁለቱን ላወዳድር።

በጁን ሮብልስ ላና «ዳይ ቢዩቲፉል» (2016) ትሪሻ የቁንጅና ዘውድ እንደደፋች በድንገት ትሞታለች። ኑዛዜዋ በለቅሶዋ ሰባት ቀን በየቀኑ እንደ ሌላ ዝነኛ ሴት ተኳኩላ እንድትታይ ነው፤ አባቷ ግን በወንድ ልብስ ካልተቀበረች ብሎ ድርቅ ሲል ጓደኞቿ አስከሬኗን ሰርቀው ይወስዳሉ። የቅርብ ጓደኛዋ ባርብስ የትሪሻን ፊት ቀስ ብላ ስትኳኩል ያየሁበት ትዕይንት አንጀቴን በላው፤ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ፍቅር እሱ ነው፣ ወንዶቹማ መጥተው ይሄዳሉ። ትሪሻን ሆኖ የተወነው ፓዎሎ ባሌስቴሮስ በቶኪዮ የፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይ መባሉ ሲያንሰው ነው።

«ሊንጓ ፍራንካ» (2019) ዝግ ያለ ነው። ኢዛቤል ሳንዶቫል ጽፋው፣ አዘጋጅታው፣ ራሷ ተውናበታለች። ኦሊቪያ ብሩክሊን ውስጥ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ትንከባከባለች፣ ወረቀት የላትም፣ ለግሪን ካርድ ጋብቻ የከፈለችው ሰው ይተዋታል፤ ከዚያ የአሮጊቷን የልጅ ልጅ አሌክስን ትወዳለች፣ እሱ ግን ትራንስ መሆኗን አያውቅም። አሜሪካ ወረቀት የጠበቀ አበሻ ፍርሃቷን ሳይነገረው ይረዳዋል።

ማልቀስም መሳቅም ካማራችሁ የትሪሻን እዩ። እኔን ግን እስካሁን ያልለቀቀችኝ ኦሊቪያ ናት።